ያልላክነው ኢሜይል ሲመለስብን፦ የጥበቃ ጌትዌይ እውነተኛውን ተመላሽ ከሐሰተኛው የሚለይበት መንገድ

የኢሜይል ሥርዓት ሲነደፍ «ላኪው በእርግጥ ነኝ ያለው ሰው ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አልተመደበለትም። ጆን ፖስተል እ.ኤ.አ. በኦገስት 1982 ባወጣው የኤስኤምቲፒ (ኢሜይል ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፍበት ሥርዓት) ደንብ፣ ማለትም በአርኤፍሲ 821 መሠረት፣ ላኪው ኮምፒውተር የመመለሻ አድራሻ ብሎ የሚሰጠውን ተቀባዩ ኮምፒውተር እንዳለ ይቀበላል። በዚያን ጊዜ መረቡን የሚጠቀሙት በአመዛኙ ተመራማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለነበሩ ይህ እምነት ጉዳት አልነበረውም። ዛሬ ግን ማንም ሰው የማንንም አድራሻ በላኪነት ጽፎ መላክ ይችላል። መልእክቱ ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ «አልደረሰም» የሚለው ማስታወቂያ፣ ማለትም ተመላሹ፣ የሚሄደው ስሙ ወደተጻፈው ሰው ነው፤ ይላከውም አይላከውም።

ይህ በሥራ ቦታ ምን እንደሚመስል እንይ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት ኢሜይሏን ስትከፍት በመቶዎች የሚቆጠሩ «መልእክትዎ ለተቀባዩ አልደረሰም» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይጠብቋታል። ተቀባዮች የተባሉትን ሰዎች አታውቃቸውም። ከማስታወቂያው ሥር የተያያዘው የመጀመሪያ መልእክትም የመድኃኒት ወይም የብድር ማስታወቂያ እንጂ የእርሷ ጽሑፍ አይደለም። ደንግጣ የይለፍ ቃሏን ትቀይራለች፤ ማስታወቂያው ግን መጉረፉን አያቆምም። የማያቆመውም መጀመሪያውኑ ወደ ኢሜይሏ የገባ ሰው ስለሌለ ነው። አንድ የአይፈለጌ መልእክት (ስፓም) አሰራጭ የእርሷን አድራሻ በላኪነት ጽፎ ከሌላ ቦታ ለብዙ ሺሕ ሰዎች በትኗል። ከእነዚያ ውስጥ የሌሉት አድራሻዎች ሁሉ ምላሻቸው ወደ እርሷ ይመጣል። የሙያው ሰዎች ይህን ባክስካተር ይሉታል።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ሆን ተብሎ ለበቀል ይደረጋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጆስ ዶት ኮም የተባለው የድረ ገጽ ማስተናገጃ ባለቤት ጆ ዶል አንድ ደንበኛውን ስፓም በማሰራጨቱ አገደው። የታገደው ሰው ጆ የላከው የሚመስል ብዙ ስፓም አሰራጨ፤ ተመላሹና የተቆጡ ሰዎች ምላሽ ሁሉ በጆ ላይ ዘነበ። እንዲህ ያለው ጥቃት እስከ ዛሬ «ጆ ጆብ» እየተባለ ይጠራል።

ወደ መፍትሔው ከመሄዳችን በፊት አንድ ማጣሪያ መዘለል የለበትም። ከተመላሹ ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው መልእክት በየትኞቹ ሰርቨሮች በኩል እንዳለፈ የሚናገሩ «ሪሲቭድ» የተባሉ መስመሮች አሉት። ከእነዚህ መካከል የራሳችን ሰርቨር ካለና የጌትዌያችን (የድርጅቱ ኢሜይል ሲገባና ሲወጣ የሚያልፍበትና የሚያጣራው ሰርቨር) መዝገብም ያንን መልእክት በዚያ ሰዓት እንዳወጣ ካረጋገጠ፣ ነገሩ ባክስካተር ሳይሆን እውነተኛ ሰርጎ ገብነት ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው። መልእክቱ የእኛን ሰርቨር ጨርሶ ያልነካ ከሆነ ግን የሠራተኛዋ ኮምፒውተርም የይለፍ ቃልም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ይህን በግልጽ ልንነግራት ይገባል፤ ባላጠፋችው ጥፋት የምትጨነቅ ሰው ናትና።

ሁሉንም ማገድ ለምን ስህተት ይሆናል?

እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲመጣ ብዙ የሲስተም አስተዳዳሪዎች ተመላሽ የሚመስለውን ሁሉ በር ላይ ያግዳሉ። ይህን እርምጃ አጥብቄ እቃወማለሁ። ኢሜይል ለላኪው የገባው ቃል አንድ ነው፦ መልእክትህ ይደርሳል፣ ካልደረሰም አለመድረሱ ይነገርሃል። ለጨረታ የተላከ ሰነድ በአንዲት ፊደል ስህተት መንገድ ላይ ቢቀር ላኪው የሚያውቀው በተመላሹ ብቻ ነው። ተመላሹ ከታገደበት «ልኬያለሁ» ብሎ ተማምኖ ይቀመጣል፤ የማስገቢያው ቀንም ያልፋል። የትምህርት ዕድል ማመልከቻም ቢሆን፣ ለአስመጪ የሚላክ የዋጋ ማቅረቢያም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ተመላሽ የያዘው መረጃም ቀላል አይደለም። 550 የሚለው ቁጥር ከ5.1.1 ጋር ሲመጣ «በዚህ ስም ሰው የለንም» ማለት ነው፤ ስለዚህ የአድራሻውን አጻጻፍ እናርማለን። 5.2.2 ሲሆን የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል፤ ስልክ ደውለን እንነግረዋለን። 5.7.1 ደግሞ ተቀባዩ ድርጅት በደንቡ ምክንያት እንዳልተቀበለን ይገልጻል፤ ብዙ ጊዜም በእኛ በኩል የሚስተካከል ነገር እንዳለ ይጠቁማል። በ4 የሚጀምሩት ቁጥሮች ችግሩ ጊዜያዊ መሆኑን ያሳያሉ። በእነዚህ ጊዜ ላኪው ሰርቨር እየደጋገመ ይሞክራል። አሁን በሥራ ላይ ያለው አርኤፍሲ 5321 ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን መሞከር እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። ይህን የቀን ብዛት እናስታውሰው፤ ወደ ታች ይፈለጋል።

ጌትዌዩ ምን ያጣራል?

ኢሜይልም እንደ ወረቀት ደብዳቤ ፖስታና ደብዳቤ አለው። አንባቢው የሚያየው «ከ» የሚለው መስመር በውስጥ ባለው ደብዳቤ ላይ ነው የተጻፈው። በፖስታው ላይ ያለው የመመለሻ አድራሻ ደግሞ ሜይል ፍሮም ይባላል፤ እርሱን የሚያዩት ሰርቨሮች ናቸው። ሁለቱ አድራሻዎች አንድ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር የለም። «አልደረሰም» የሚለው ማስታወቂያ የሚላከው ሁልጊዜ በፖስታው ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ነው።

ማስታወቂያው ራሱ ሲላክ በፖስታው ላይ የላኪ አድራሻ አይጻፍበትም፤ ቦታው <> ተብሎ ባዶ ይተዋል። ይህ የተደረገው ሁለት ሰርቨሮች አንዱ የሌላውን ተመላሽ እየመለሱ ማለቂያ ወደሌለው ምልልስ እንዳይገቡ ነው። ለጌትዌዩ ይህ ባዶ ቦታ ጥሩ ምልክት ይሆነዋል። መልእክቱ ተመላሽ ነኝ እንደሚል ያውቃል። የቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ተመላሽ እኛ በእርግጥ ለላክነው መልእክት የመጣ ነው?

አንዱ አማራጭ የወጣውን መልእክት ሁሉ መመዝገብና ተመላሽ በመጣ ቁጥር መዝገቡን ማገላበጥ ነው። ትልቅ ድርጅት ላይ ይህ ይከብዳል፤ ጌትዌዮቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። ጆን ሌቪን፣ ዴቭ ክሮከርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ባቀረቡት ባትቪ በተባለ ረቂቅ የተሻለ መንገድ አሳዩ። ረቂቁ ጸድቆ ሙሉ መመዘኛ ባይሆንም ሐሳቡ በብዙ ምርቶች ውስጥ ገብቷል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ መልእክት ሲወጣ ጌትዌዩ በፖስታው ላይ ባለው የመመለሻ አድራሻ ላይ እርሱ ብቻ ሊሠራው የሚችል ምልክት ይጨምርበታል። እውነተኛ ተመላሽ የሚላከው ወደዚያ ምልክት ወዳለበት አድራሻ ስለሆነ ምልክቱን ይዞ ይመጣል። ሐሰተኛው ባዶ እጁን ይመጣል።

ምልክቱን ቀረብ ብለን እንየው። የሒሳብ ክፍሉ አድራሻ ሒሳብ@ምሳሌ.ኢቲ ነው እንበል፤ መልእክቱም የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2024 ወጣ እንበል። ጌትዌዩ በፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ እንዲህ አድርጎ ይቀይረዋል፦

ፒአርቪኤስ=0790417926=ሒሳብ@ምሳሌ.ኢቲ

የመጀመሪያው ቃል የምልክቱን ዓይነት ይናገራል። ከቁጥሮቹ የመጀመሪያው 0 በየትኛው ሚስጥራዊ ቁልፍ እንደተፈረመ ያመለክታል። ቀጥሎ ያለው 790 ምልክቱ የሚያልፍበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ ያሉት ቀናት ሲቆጠሩ ማርች 1 ቀን 2024 ላይ 19783 ይደርሳሉ፤ 7 ቀን ሲጨመር 19790 ይሆናል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ብቻ ይወሰዳሉ። 417926 ለምሳሌ የተጻፈው ፊርማ ነው። እውነተኛው ፊርማ የሚገኘው የቁልፉን ቁጥር፣ ቀኑንና ዋናውን አድራሻ አንድ ላይ አድርጎ ሻ-1 በተባለው ስሌት ከሚስጥራዊው ቁልፍ ጋር በመቀመር ነው፤ ከውጤቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ባይቶች ይወሰዳሉ። ቁልፉን የማያውቅ ሰው ይህን ቁጥር ማስላት አይችልም።

ተመላሹ ሲመጣ ጌትዌዩ ስሌቱን እንደገና ይሠራል። ፊርማው ከተገጣጠመና ቀኑ ካላለፈ ምልክቱን አንሥቶ መልእክቱን ወደ ሒሳብ ክፍል ያስገባል፤ ሠራተኛዋ ምልክቱን ጨርሶ አታየውም። ምልክት ከሌለ፣ ካልተገጣጠመ ወይም ጊዜው ካለፈ ይመልሰዋል። 7 ቀን የተመረጠውም በዘፈቀደ አይደለም። ላኪ ሰርቨር እስከ 5 ቀን ድረስ ሲሞክር ቆይቶ ተመላሹን ሊጽፍ ስለሚችል ከዚያ የሚተርፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ከ5 ቀን በታች ያደረገ አስተዳዳሪ እውነተኛ ተመላሾችን በገዛ እጁ ይጥላል።

ሦስት ባይት ትንሽ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ሊሆኑ የሚችሉት ፊርማዎች 16,777,216 ናቸው። የባንክ ገንዘብ ለመጠበቅ ይህ አይበቃም፤ እዚህ ላይ ግን አላማው ሐሰተኛ ተመላሽ በብዛት እንዳይገባ ማድረግ ነው፣ ለዚያም ይበቃል። ከእኛ መልእክት የደረሰው ሰው ምልክቱን ከመልእክቱ ራስጌ አንብቦ ሊሰርቀው ይችላል፤ የተሰረቀው ምልክት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ «ከ» የሚለው መስመር አይነካም። ስለዚህ የዲኪም ፊርማ፣ ማለትም ላኪው ድርጅት በመልእክቱ ላይ የሚያኖረው ሌላ ማረጋገጫ፣ አይበላሽም። በፖስታው ላይም ከ@ በስተግራ ያለው ብቻ ስለተቀየረና ከ@ በስተቀኝ ያለው ዶሜይን እንዳለ ስለሆነ የኤስፒኤፍ ማጣሪያ፣ ማለትም ላኪው ሰርቨር በዚያ ዶሜይን ስም እንዲልክ የተፈቀደለት መሆኑን የሚያየው፣ አይደናገርም።

ከባዱ ሥራ

ቁልፍ መፍጠርና ማጣሪያውን ማብራት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሲስኮ አይረንፖርት የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከገዛ በኋላ ይዞት በቆየው ጌትዌይም ሆነ ፎርቲሜይል በተባለው ጌትዌይ ውስጥ ይህ አገልግሎት «ባውንስ ቬሪፊኬሽን» በሚል ስም ይገኛል። ኤግዚም የተባለው ነፃ የሜይል ሰርቨርም ፊርማውን የሚሠራና የሚያጣራ መሣሪያ በውስጡ አለው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከድርጅታችን ኢሜይል የሚወጣው በየት በየት ነው?

አብዛኛው አስተዳዳሪ «በጌትዌዩ ነዋ!» ይላል። ቢመረመር ግን ሰነድ እያነሳ በኢሜይል የሚልከው ኮፒ ማሽን በሌላ መንገድ ይወጣ ይሆናል። የድርጅቱ ድረ ገጽ የሚልከው የማረጋገጫ መልእክት ድረ ገጹ ካለበት አከራይ ሰርቨር ይወጣል። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ዜና መጽሔቱን የሚበትነው በውጭ አገልግሎት ሰጪ ነው። ቅርንጫፍ ቢሮው የራሱ መስመር አለው። እነዚህ ሁሉ በእኛ ዶሜይን ስም ይልካሉ፤ ምልክት ግን አይደረግባቸውም። ማጣሪያው በበራ ዕለት የእነርሱ እውነተኛ ተመላሾች ሐሰተኛ ተብለው ይጣላሉ። ስለዚህ መውጫዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ወይ በጌትዌዩ በኩል ማሳለፍ፣ ወይ የራሳቸው ንዑስ ዶሜይን መስጠት ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ቆጠራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚዘለለው እርሱ ነው።

ጌትዌዮቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት ቁልፍ መያዝ አለባቸው። አንዱ የፈረመውን ሌላው ካላወቀው ግማሹ ተመላሽ ይጠፋል። ሰዓታቸውም መገጣጠም አለበት። ቁልፍ ሲቀየር አዲሱ ለመፈረም ይውላል፤ አሮጌው ግን ቢያንስ ለ7 ቀን ለማጣራት ይቆያል። በዕለቱ የሚሰርዘው ሰው በመንገድ ላይ ያሉትን ተመላሾች ሁሉ ያሳጣል።

በሌሎች ላይ የሚያስከትለው ችግርም አለ። አንዳንድ የኢሜይል የውይይት ቡድኖች አባላቸውን የሚያውቁት በፖስታው ላይ ባለው አድራሻ ነው። አድራሻው በየቀኑ ሲቀየርባቸው «አባል አይደለህም» ብለው ይመልሱታል። አዲስ ላኪ ሲያዩ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆዩ ሰርቨሮችም የትናንቱን ሰው ዛሬ እንደ አዲስ ቆጥረው ያዘገዩታል። ለእነዚህ መድኃኒቱ ወደ እነርሱ የሚሄደውን መልእክት ከምልክት ነፃ ማድረግ ነው፤ ጌትዌዮቹም ለዚህ የሚሆን ዝርዝር አላቸው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የንባብ ማረጋገጫ ነው። ተቀባዩ መልእክቱን ሲከፍት «ተነቧል» የሚለው ምላሽ እንደ ተመላሽ ሁሉ ባዶ ላኪ ይዞ ይመጣል። የሚላከው ግን በደብዳቤው ውስጥ ወዳለው አድራሻ ስለሆነ ምልክት የለውም። አንዳንድ «ከቢሮ ውጪ ነኝ» የሚሉ ምላሾችም እንዲሁ ናቸው። የንባብ ማረጋገጫን ለሥራው የሚጠቀም የሕግ ክፍል ያለው ድርጅት ይህን አስቀድሞ ካላሰበበት በማግስቱ አቤቱታ ይደርሰዋል።

ለዚህ ነው ማጣሪያው በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ መብራት የሌለበት። መጀመሪያ የሚወጣው መልእክት ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ይጀመር፤ የሚመጣውን ተመላሽ ግን ሁሉንም እንቀበል። ከአንድ ሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ ምልክት የሌለውን ሳናግድ በራስጌው ላይ ማስታወሻ እናስገባበት። ከዚያ መዝገቡን እያየን ያለ ምልክት የመጡት ከየት እንደሆኑ እንለይ። የረሳነው መውጫ ካለ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ማገድ የሚመጣው መዝገቡ ሲጠራ ነው። በሲስኮ ጌትዌይ ላይ ምልክት ማድረጊያው በመዳረሻዎች መቆጣጠሪያ ውስጥ፣ ምልክት የሌለው ተመላሽ ይታመን ወይስ አይታመን የሚለው ውሳኔ ደግሞ በመልእክት ፍሰት ፖሊሲ ውስጥ መቀመጡ ይህን አካሄድ ያመቻል፤ አንዱን ሌላውን ሳይነኩ ማብራት ይቻላል።

ማጣሪያው የማይደርስበት

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2004 ማይዱም የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው በአብዛኛው የተመላሽ ማስታወቂያ መስሎ ነበር። ርዕሱ «የመልእክት ማድረሻ ሥርዓት» ወይም «መልእክቱ አልተላለፈም» ይላል፤ ሰውም ምን እንዳልደረሰለት ለማየት አባሪውን ይከፍታል። ዛሬም «መልእክቶችዎ ተይዘዋል፤ ለማስለቀቅ እዚህ ይግቡ» የሚሉ ማጥመጃዎች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። የፊርማ ማጣሪያው የሚይዘው ግን ባዶ ላኪ ይዘው የሚመጡትን ብቻ ነው። አጥማጁ በፖስታው ላይ ተራ አድራሻ ከጻፈ መልእክቱ ለማጣሪያው ተመላሽ አይደለም፤ በሌሎቹ የስፓምና የቫይረስ ማጣሪያዎች መያዝ አለበት። ስለዚህ ሠራተኞች ይህን እንዲያውቁ ማድረግ ግድ ነው፦ እውነተኛ ተመላሽ የይለፍ ቃል አይጠይቅም።

ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ (ሁለቱን ማጣሪያዎች ያላለፈ መልእክት ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስነው ደንብ) ካሉ ይህ ምን ያደርጋል የሚሉም አሉ። እነዚህ ተቀባይ ሰርቨሮች በእኛ ስም የተላከውን ሐሰተኛ መልእክት ገና በር ላይ፣ ማለትም ሳይቀበሉት፣ እንዲመልሱት ያደርጋሉ፤ በር ላይ ከተመለሰ ደግሞ ወደ እኛ የሚመጣ ተመላሽ አይኖርም። ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ድርጅቶች ሦስቱንም መጠየቃቸው ብዙዎችን አንቀሳቅሷል። እኔም ብመከር መጀመሪያ እነርሱን አስተካክሉ እላለሁ። ነገር ግን ለእነዚህ ማጣሪያዎች በዶሜይናችን ስም ያወጣነው መዝገብ የሚሠራው ተቀባዩ ሰርቨር ካነበበው ነው፤ የማያነብ ሰርቨር ዛሬም ሞልቷል። ከእነዚያ የሚመጣውን የሚያቆመው በራሳችን በር ላይ ያለው ማጣሪያ ነው።

ራሳችንን ከባክስካተር ስንጠብቅ ግን እኛም በሌላው ላይ የምንረጭ እንዳንሆን መጠንቀቅ አለብን። ብዙ ጌትዌዮች የድርጅቱን ሠራተኞች ዝርዝር አያውቁም። ለዶሜይኑ የመጣውን ሁሉ ተቀብለው ወደ ውስጠኛው ሰርቨር ያስተላልፋሉ፤ እርሱ «ይህ ሰው የለም» ሲል ጌትዌዩ ተመላሽ ጽፎ ይልካል። የተላከው ስፓም ከሆነ ያ ተመላሽ የሚያርፈው ምንም በማያውቅ ሰው ሳጥን ውስጥ ነው። ድርጅታችንም ውሎ አድሮ በስፓም ላኪነት ሊመዘገብ ይችላል።

ይህን ለማወቅ ከግል ኢሜይል ወደ ራሳችን ዶሜይን በሌለ ስም አንድ መልእክት መላክና የሚመጣውን ተመላሽ ማን እንደጻፈው ማየት ይበቃል። የግል ኢሜይሉ አገልግሎት ሰጪ የእኛን ጌትዌይ 550 ጠቅሶ ከጻፈው ጌትዌያችን በር ላይ መልሷል፤ ደህና ነው። ተመላሹ በእኛው ጌትዌይ ወይም በውስጠኛው ሰርቨር ስም ከመጣ ግን ጌትዌዩን ከአክቲቭ ዳይሬክተሪ ወይም ከሌላ የተጠቃሚዎች ማውጫ ጋር አገናኝቶ የሌለውን ስም ገና በንግግሩ መካከል እንዲመልስ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የፊርማ ማጣሪያውን ከማብራት በፊት መሠራት ያለበትም ይህ ነው።